«ኢትዮጵያን ክላውንስ»፦ በስማችን የተጠራው የቤዝቦል ቡድን የምንጊዜም ምርጥ ማን ነው?



ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ትንሽ ዘወር ልበልና ስለ ስፖርት ላውራችሁ። የስፖርት ሰው ያልሆናችሁም አትውጡ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት ይመጣል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ደጋፊ ባለበት ሁሉ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ፤ «የክለባችን የምንጊዜም ምርጥ ማን ነው?» የሚል። እኛ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ሜሲና ሮናልዶን ስናመዛዝን እንውላለን። የአርሰናሉ ደጋፊ ሄንሪን ከማንም ጋር አታወዳድሩብኝ ይላል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ይህን ክርክር ከሁሉ በላይ የሚያጦፉት በቤዝቦል ነው። ምክንያት አላቸው። በቤዝቦል አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ እያንዳንዷ ውርወራ፣ እያንዳንዷ ምት ትመዘገባለች። አንድ መቺ ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንቱን እንዳሳካ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ሳይቀር ቆጥረው ይነግሯችኋል። ኳሱን መትቶ ከሜዳው አጥር ውጪ ካሳረፈው «ሆም ራን» ይባላል፤ የመቺ ትልቁ ክብር እሱ ነው።

ስለዚህ የአትላንታ ብሬቭስን ደጋፊ «የክለባችሁ ምርጥ ማን ነው?» ብትሉት ለአፍታም አያስብም። ሃንክ አሮን! 23 የውድድር ዘመን፣ 755 ሆም ራን። ኤፕሪል 8 ቀን 1974 የነጩን ጀግና የቤብ ሩትን የ714 ክብረ ወሰን ሲሰብር አገር ቁጭ ብሎ አይቷል። ያንን ቁጥር ሲቃረብ ጥቁር በመሆኑ ብቻ የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። እሱ ግን መምታቱን አላቆመም። በብሬቭስ ደጋፊዎች ዘንድ ክርክሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ደረጃ ነው።

አሁን ጥያቄውን ትንሽ እንለውጠው። አሮን ወደ ብሬቭስ ከመምጣቱ በፊት በፕሮፌሽናል ደረጃ ያጫወተው የመጀመሪያ ቡድን ማን ነበር?

ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ። የጥቁሮች ቡድን ነው። ቡድኑ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ሌላ ስም ነበረው፤ «ኢትዮጵያን ክላውንስ»።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ክላውን ማለት ፊቱን ተቀብቶ ሰው የሚያስቅ የሰርከስ ቀልደኛ ነው። «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» እንደ ማለት። ይህን ስም መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ልስቅ ወይስ ልናደድ እንደሚገባኝ አላወቅሁም ነበር። እስቲ አብረን እንየው።

◾ ስሙ ከየት መጣ?

ቡድኑ የተፈጠረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ማያሚ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ዘመኑን አስታውሱ። ኦክቶበር 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። የኢትዮጵያ ስም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ የፊት ገጽ ላይ ዋለ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። በኒው ዮርክ ሀርለም ሰልፍ ይወጣ ነበር፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ይዋጣ ነበር። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን አብርሯል። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጁን 25 ቀን 1935፣ ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ሲዘርረው፣ ብዙ ሰው ያየው ኢትዮጵያና ጣሊያን ሲጋጠሙ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ስሙ ለእነሱ ትልቅ ነበር። ኒው ዮርክ ያለው «አቢሲኒያን» የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈችው ቃል ለባሪያ ልጆች የነፃነት ተስፋ ሆና ስትሰበክ ኖራለች።

ሳንቲሙ ግን ሌላ ገጽ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊታቸውን በከሰል አጥቁረው በጥቁሮች ላይ የሚቀልዱ ነጭ የመድረክ ሰዎች ትርዒታቸውን የሚጠሩት «ኢትዮጵያን» እያሉ ነበር። ለእነሱ ቃሉ «ጥቁር» የማለት ሌላ መንገድ ነው፤ ያውም የሚሳቅበት ጥቁር።

እንግዲህ «ኢትዮጵያን ክላውንስ» የሚለው ስም ሁለቱንም ተሸክሟል። አንደኛው ቃል ጥቁሩን ተመልካች በኩራት ይጠራዋል፤ ሁለተኛው ቃል ነጩን ተመልካች በሳቅ ይጠራዋል። ቲኬት የሚገዛው ደግሞ ሁለቱም ነው። ቡድኑን በየከተማው እያዞረ ያጫውት የነበረው ሲድ ፖሎክ የሚባል ነጭ የውድድር አዘጋጅ ይህን ሂሳብ አሳምሮ ያውቀዋል።

◾ ሰርከስ ወይስ ቡድን?

ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ተቀብተው ይወጣሉ። አፍሪካዊ የሚመስል የፈጠራ ስም ይሰጣቸዋል፤ ኤድ ዴቪስ የሚባለው ወርዋሪ ለምሳሌ «ፒነትስ ናያሲስ» ተብሎ ነበር የሚጫወተው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ «የጥላ ኳስ» የሚሉት ትርዒት ነበራቸው። ኳስ የለም። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ይመታል፣ ተከላካዩ ተወርውሮ ይይዛል፣ ሯጩ ተንሸራትቶ ይገባል፤ ሁሉም ባዶ አየር ላይ። ከመፍጠናቸውና ከመናበባቸው የተነሣ ተመልካቹ ያልነበረችውን ኳስ በዓይኑ ይከተላል።

ይህ ግን የቡድኑ ግማሽ ብቻ ነው። ትርዒቱ አልቆ ጨዋታው ሲጀመር ቀልዱ ይቀርና የምር ይጫወታሉ። በ1941 በዴንቨር ከተማ በጋዜጣ ስፖንሰርነት ይካሄድ የነበረውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ኢትዮጵያን ክላውንስ። ዋንጫ በቀልድ አይገኝም።

የጥቁሮቹ ፕሬስ ግን አልወደዳቸውም። የ«ፒትስበርግ ኩሪየር» ጋዜጣ ታዋቂው የስፖርት ጸሐፊ ዌንደል ስሚዝ አጥብቆ ነቅፏቸዋል። የነቀፌታው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጥቁር ተጫዋች ከነጩ እኩል መጫወት እንደሚችል ለማሳመን በምንታገልበት ሰዓት እናንተ ነጮች ስለ እኛ የሚያስቡትን ትክክል እያስመሰላችሁ ነው። በጦርነት የደማችን አገር ስም ለትርዒት መጠቀሙም ያሳፈራቸው ነበሩ። በመጨረሻ በ1943 ቡድኑ ወደ ኒግሮ አሜሪካን ሊግ እንዲገባ ሲፈቀድለት ስሙንና የፊት ቅቡን እንዲተው ተጠየቀ። ተወ። ሲንሲናቲ ክላውንስ ሆነ፤ ቀጥሎም ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ። «ኢትዮጵያን» የሚለው ወደቀ፤ «ክላውንስ» ቀረ።

እንደ ኢትዮጵያዊ ሳስበው ዌንደል ስሚዝ ልክ ነበር እላለሁ። ተጫዋቾቹን ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። በዚያ ዘመን ጥቁር የሆነ የቤዝቦል ተጫዋች ትልቁን ሊግ የሚያየው በአጥር ቀዳዳ ነው። በደቡብ ግዛቶች ሆቴል አያሳድሩትም፤ ምግብ ቤት አያስገቡትም፤ አውቶቡሱ ውስጥ አድሮ ማግስቱን ሌላ ከተማ ይጫወታል። ፊቱን ተቀብቶ ካልወጣ ደሞዙ የለም። «ቀልደኛ አትሁን» ማለት ቀላል የሚሆነው ሌላ በር ላለው ሰው ነው።

◾ ዝርዝሩን እንሞክር

እንግዲህ እንደ ማንኛውም ደጋፊ የዚህን ቡድን ምርጦች በደረጃ እናስቀምጥ።

*ሃንክ አሮን።* በ1952 ጸደይ፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከሞቢል አላባማ ተነሥቶ በወር 200 ዶላር ሊጫወት መጣ። ኳስ ሲመታ እጆቹን ዱላው ላይ አዟዙሮ ነበር የሚይዘው፤ አስተካክሎ ያስያዘው ሰው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ወርዋሪዎችን ያሸብር ነበር። በዚያው ዓመት ብሬቭስ በ10,000 ዶላር ገዛው። ዋሽንግተን ውስጥ ቡድኑ ከአንድ ምግብ ቤት ቁርስ በልቶ ሲጨርስ፣ ጥቁሮች የበሉባቸው ሳህኖች ጓዳ ውስጥ ሲሰባበሩ መስማቱን አሮን በኋላ ተናግሯል። ዋሽንግተን የአገሪቱ ዋና ከተማ ናት።

አሮንን አንደኛ እናድርገው? በችሎታ ከሆነ ጥያቄ የለውም። ግን በክላውንስ ማሊያ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አንድ ሰው በእናንተ ቤት አንድ ክረምት ስላሳለፈ የቤቱ አባወራ ይባላል?

*ሳም ሄርስተን።* ኳስ ተቀባይ ነበር። በ1950 በሊጉ በመምታት መጠን፣ በሆም ራንና ባስገባው ነጥብ በሦስቱም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ይህን በአንድ ዓመት ማሳካት በቤዝቦል ብርቅ ነው። በ1951 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተሰለፈ፤ በዚያ ክለብ ታሪክ የመጀመሪያው አሜሪካ ተወላጅ ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ዕድሜው ያን ጊዜ 31 ነው። ስንት ጨዋታ የተሰለፈ ይመስላችኋል? አራት። አምስት ጊዜ መምታት ሞክሮ ሁለቱን አሳካ፤ ከዚያ መለሱት። በሩ ሲከፈት ጉልበቱ የሚያመሽበት ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን በትልቁ ሊግ ተጫውተዋል።

*ሪስ «ጉስ» ቴተም።* በጋ ላይ የክላውንስ ተጫዋች፣ ክረምት ላይ የሀርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ኮከብ። እጀ ረጅም፣ የተመልካች ንጉሥ። በ2011 የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ አስገብቶታል። የቤዝቦሉ ግን የለም።

*ሪቻርድ ኪንግ፣ «ኪንግ ታት»።* ይህ ሰው የቡድኑ ዋና ቀልደኛ ነው። ከሰው የሚተልቅ ግዙፍ ጓንት አጥልቆ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ የሚመጣው እሱን ለማየት ነበር። የቡድኑ አውቶቡስ ነዳጅ የሚሞላው በእሱ ሳቅ ነው ብንል ማጋነን አይደለም። ታዲያ የምርጦች ዝርዝር ውስጥ የት ይገባል? ለሳቅ ሰንጠረዥ የለማ!

*ቶኒ ስቶን፣ ሜሚ ጆንሰን፣ ኮኒ ሞርጋን።* በ1953 ክላውንስ ቶኒ ስቶን የምትባል ሴት አስፈረመ። ከወንዶች ጋር፣ በወንዶች ሊግ፣ በቋሚነት። ፖሎክ ተመልካች ይስባል ብሎ ቀሚስ ለብሳ እንድትጫወት ጠየቃት፤ እምቢ አለች፤ ሱሪ ለብሳ ገባች። ወርዋሪዋ ሜሚ ጆንሰን ደግሞ በነጭ ሴቶች የቤዝቦል ሊግ ለመሞከር ሄዳ በቆዳዋ ምክንያት ከበር ተመልሳለች። ሴትነቷን ያልገፋው ሊግ ጥቁረቷን ገፋ። የተቀበላት ክላውንስ ነው። በ1954 ስቶን ወደ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ስትሄድ በቦታዋ ኮኒ ሞርጋን ተተካች። ፖሎክ ያስፈረማቸው ለገበያ ነው? አዎ፣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እነሱ ግን ኳሱን የመቱት ለገበያ አልነበረም።

*በስተር ሄይዉድ።* ይህን ስም ምናልባት የሰማችሁት ዛሬ ነው። ትንሽ ቁመት ያለው ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ቡድኑ ገና «ኢትዮጵያን» እየተባለ ሳለ ገባ። ስሙ ሲቀየር ነበረ፤ ሊግ ሲገቡ ነበረ፤ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ አሮን በ18 ዓመቱ ሲመጣ የተቀበለው እሱ ነው። በትልቁ ሊግ አንድ ቀን አልተሰለፈም።

◾ መዝገቡ ሲከፈት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች በምን እናወዳድራቸው?

በዲሴምበር 2020 የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ አንድ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ። ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ከራሱ እኩል «ትልቅ ሊግ» ብሎ ተቀበለ። በሜይ 2024 ደግሞ ቁጥራቸውን ከዋናው መዝገብ ጋር ቀላቀለ። በአንድ ሌሊት የመቶ ዓመት ሰንጠረዥ ተገለበጠ። በመምታት መጠን ለዘመናት አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ (0.367) ወርዶ ጆሽ ጊብሰን (0.372) ወጣ። ከአንድ ሺህ ሙከራ 372 ማሳካት ማለት ነው። በምት ኃይል መለኪያም ቤብ ሩት ከጊብሰን በታች ሆነ። ጊብሰን ይህን አላየም። የሞተው በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን የቀለሙን አጥር ጥሶ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው።

ይህን ቁጥር ማን ሰበሰበው ብትሉ፣ በአብዛኛው በፈቃዳቸው የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። «ሲምሄድስ» በተባለው የመረጃ ቋት ዙሪያ ተሰባስበው ለዓመታት የቆዩ የጥቁር ጋዜጦችን ማይክሮፊልም ገጽ በገጽ ሲፈትሹ ኖሩ። የነጮቹ ዕለታዊ ጋዜጦች ብዙውን ጊዜ እነዚህን ጨዋታዎች አይዘግቡም ነበር። የጥቁሮቹ ጋዜጦች ደግሞ በአብዛኛው ሳምንታዊ ናቸው፤ ቦታም ገንዘብም አልነበራቸውም። ስለዚህ የጨዋታ ማጠቃለያ የተገኘለት ተቆጠረ፤ ያልተገኘለት ቀረ። የጊብሰን የክብር አዳራሽ ሰሌዳ ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ራን ይላል፤ በሊግ ጨዋታ ተረጋግጠው የገቡት ግን 200 አይሞሉም። ልዩነቱ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በየገጠር ከተማው፣ ቆጣሪ በሌለበት ሜዳ የተመቱት ብዙ ናቸው።

እና ክላውንስስ? ከሊግ ጋር የቆዩት ከ1943 ጀምሮ ነው። ውሳኔው የሚያበቃው በ1948 ነው። ስለዚህ ስድስት ዓመታቸው ተቆጠረ።

ልብ በሉ፤ የ1941ዱ የዴንቨር ዋንጫ ከዚያ በፊት ነው፤ አይቆጠርም። የሄርስተን የ1950 ገድል ከዚያ በኋላ ነው፤ አይቆጠርም። የአሮን 1952 አይቆጠርም። የቶኒ ስቶን 1953 አይቆጠርም። ቡድኑ በዓለም የሚታወቅባቸው ነገሮች በሙሉ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ወደቁ።

የታሪክ ባለሙያዎቹ መስመሩን ያለ ምክንያት አላሰመሩም። ከ1947 በኋላ ነጮቹ ክለቦች ምርጥ ምርጦቹን ወጣቶች እየወሰዱ የጥቁሮቹን ሊግ አራቁተውታል፤ ደረጃው ወርዷል። ከ1943 በፊት ደግሞ ክላውንስ ሊግ ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱ ያሳምናል። ግን እዩት፦ ጥቁር ተጫዋቾችን ያገለለው ያው ሥርዓት ነው፣ በሩን ሲከፍት ቡድናቸውን ያፈረሰው። ለክለቦቻቸው ሳንቲም ሳይከፍሉ ተጫዋች የወሰዱም ነበሩ። «የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ» እንደሚባለው፣ ያረሰው ሌላ፣ የተመሰገነው ሌላ።

ሌላም ጣጣ አለ። በኢትዮጵያን ክላውንስ ዘመን ብዙዎቹ የተጫወቱት በፈጠራ ስም ነው። ጋዜጣው «ናያሲስ አሸነፈ» ብሎ ጽፏል። ናያሲስ ግን የለም፤ ያለው ኤድ ዴቪስ ነው። ለተመልካች ሳቅ ተብሎ የተለጠፈ ስም ከ80 ዓመት በኋላ ለተመራማሪ ግድግዳ ሆነ። የአንድን ሰው ስም ስትወስድበት የምትወስድበት ስም ብቻ አይደለም፤ የሠራው ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

◾ የእኔ ዝርዝር

ደጋፊ ባልሆንም ደረጃ ሳላወጣ ብሄድ ሸሸ ትሉኛላችሁ። ይኸው፦

1. በስተር ሄይዉድ
2. ሳም ሄርስተን
3. ቶኒ ስቶን
4. ኪንግ ታት
5. ሃንክ አሮን

አውቃለሁ፣ አሮንን አምስተኛ ማድረግ ለድንጋይ ውርወራ ያጋልጣል። ግን ጥያቄው «በዚህ ቡድን ካለፉት ውስጥ ታላቁ ተጫዋች ማን ነው?» ቢሆን መልሱ አንድ ነው፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ጥያቄው «የዚህ ቡድን ታላቁ ማን ነው?» ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሄይዉድ ቡድኑን በሦስቱም ዘመን ተሸክሟል፤ በሚያሳፍረውም፣ በሚያኮራውም፣ በሚፈርስበትም። ሄርስተን ጊዜ የበደለው ሰው ነው። ስቶን ቀሚሱን እምቢ ያለች ናት። ኪንግ ታት ባይኖር አሮንን የሚያመጣ አውቶቡስም አይኖርም ነበር። አሮንን ደግሞ ብሬቭስ አንደኛ አድርጎታል፤ የእኔ አምስተኛነት አይጎዳውም።

ቡድኑ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በየከተማው እየዞረ ቆይቶ ጠፋ። አንጋፋው ወርዋሪ ሳቼል ፔጅ ሳይቀር በ1967፣ ስልሳ ካለፈ በኋላ፣ ከእነሱ ጋር ዞሯል። ከዚያ በኋላ ደጋፊ የለም፤ ስለዚህም ዝርዝር የሚያወጣ የለም። ምርጥ የሚመርጥለት ሰው ያጣ ቡድን ማለት ለሁለተኛ ጊዜ የሞተ ቡድን ነው።

◾ ወደ ቤታችን

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በ1928 ዓ.ም. (በእኛ)፣ ያ ወረራ በጀመረበት ዓመት፣ አዲስ አበባ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ተመሠረተ። በአትላንቲክ ማዶ የእኛን ስም የያዘ ቡድን ፊቱን ተቀብቶ ሜዳ በሚገባበት ዘመን፣ እዚህ ወጣቶች በራሳቸው ስም ኳስ መጫወት ጀመሩ ማለት ነው። ከ26 ዓመት በኋላ በ1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ ተሰልፈው፣ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን እዚሁ አነሣን።

እና የምንጊዜም ምርጣችን ማን ነው? ሉቺያኖ? መንግሥቱ? ወይስ በቅርብ ያየናቸው? ቡና ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ አታጡም። «ቁጥሩን አምጣ» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ የአንድ አንጋፋ ክለብን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ለመጻፍ ተነሣሁ። ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያነጋገሩኝ ሰው ትሁት ነበሩ። «መዝገብማ ነበረን ወንድሜ፤ ቢሮ ስንቀይር የት እንደገባ እንጃ» አሉኝና የአንድ የቀድሞ ተጫዋች ስልክ ሰጡኝ። አባት ሆይ ብዬ ሄድኩ። ሻይ ጋበዙኝ፤ በዝርዝር ነገሩኝ፤ ግቦቹን በእጃቸው እያሳዩ። ማግስቱን የቡድን ጓደኛቸውን ሳገኝ ቁጥሩ ሌላ ሆነ። ሁለቱም አይዋሹም፤ ሁለቱም የሚያስታውሱትን ነው የነገሩኝ። ጽሑፌ «ይገመታል» በሚል ቃል ወጣ። ያቺ «ይገመታል» እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች። የነገሩኝ አባት ከዚያ ወዲህ አርፈዋል።

ዛሬ እኛን የሚያገልል የለም። የቀለም አጥር የለብንም። ክለቡ የእኛ፣ ሜዳው የእኛ፣ ጋዜጣው የእኛ፣ ጸሐፊውም የእኛ። እነዚያ ሰዎች ጠላት ያልጻፈላቸውን ታሪክ ከ80 ዓመት በኋላ ከማይክሮፊልም ቆፍረው አወጡ። እኛ ራሳችን የያዝነውን መዝገብ ቢሮ ስንቀይር እንጥላለን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እያስተማርን!

ነገሩ ስለ ኳስ ብቻም አይደለም። የዕድር መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ስም ዝርዝር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ደብተር፣ የቀበሌ ፋይል፤ ስንቱ ነው በዝናብ የበሰበሰው? ነገ አንድ ልጅ «አያቴ ማን ነበር?» ብሎ ሲነሣ የምንሰጠው «ይገመታል» ብቻ ሊሆን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ኳስ የተጫወተ፣ ያሠለጠነ፣ ወይም ክለቡን ለ40 ዓመት የተከተለ አጎት ወይም አባት ካለ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁን አውጡና ድምፁን ቅዱ። ስም ከነአባት ጠይቁት፤ ቅጽል ስም ብቻ አትቀበሉ። የናያሲስን ነገር አይታችኋል። ዓመቱን፣ ሜዳውን፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ አስነግሩት። ከአልበም ውስጥ የቡድን ፎቶ ካለ አገላብጡትና ጀርባው ላይ የቆሙትን ሰዎች ስም በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ።

ደረጃ ማውጣቱን ከዚያ በኋላ እንጣላበታለን። ለመጣላትም እኮ መዝገብ ያስፈልጋል።

እስከዚያው የእናንተን አምስት ስም ከታች አስቀምጡ፤ የክላውንስንም ይሁን የራሳችሁን ክለብ። አሮንን አምስተኛ ስላደረግሁ የምትሰድቡኝም በወግ በወጉ።

መልካም ሳምንት።